ከኋላ፣ በስተቀኝ

ከአንድ ቄስ መበለት ገዛኋት በመጋቢት፣
ባክስተን ከተማ፣ ዝናብ በማያጣት።
አረንጓዴ ኤምጂ፣ ጣሪያዋ ሸራ፣
ሁለት ሰው ጭና ለሦስት የማትራራ።
«ቄሱስ ይወዷት ነበር?» ብላት፣ መበለቷ ሳቀች፤
«ጸሎት ማርዘም ያስተማረችው እሷ ናት» አለች።

ያን ጊዜ ነርስ ነበርኩ፣ የማታ ፈረቃ፣
ኮረብታ ተሻግሬ ስገባ በጨረቃ።
ጠዋት ስቀሰቅሳት ታስላለች፣ ታኮርፋለች፣
አየሩ ከረጠበ «ዛሬስ ይቅር» ትላለች።
የምቸኩልበት ጉዳይ በሌለኝ ቀን ግን፣
በግማሽ ዙር ቁልፍ ተነስታ ትዘምራለች።

መብራቷስ? የሉካስ። መንደሩ ሁሉ ያውቃል፣
ውሃ ጠብ ካለበት እንደ ጧፍ ይጠፋል።
ሰዎቹ ይቀልዳሉ፦ «ጨለማን የፈጠረ
ፋብሪካ ይኼው ነው፣ ብርሃን ጀምሮ የቀረ።»
ባንድ ዐይኗ እያየች፣ በሌላው ስታንቀላፋ፣
ስንት ሌሊት ነዳሁ ግንብ ግንቡን ይዤ በተስፋ።

መካኒኩ ኖሪስ፣ ቃል ቆጥቦ አዳሪ፣
ሆዷ ስር ተንጋሎ እንደ ወንጀል መርማሪ፣
«ዘይት ታንጠባጥባለች» ብለው በስጋት፣
«ማንጠባጠቧን ስታቆም ነው መፍራት፤
ያን ጊዜ አልቆባታል» አለኝ ከጎማው ማዶ፣
ሂሳቡን ጻፈልኝ የሲጋራ ፓኮ ቀዶ።

ዊትቢ፣ ባሕሩ ዳር፣ ሰርግ የተጠራሁ ለት፣
ሸራዋ ዝናቡን አጠራቅማ ባርኔጣዬ ላይ ዘረገፈችበት፤
ቤተ ክርስቲያን ስገባ፣ እንደ ራሰ ዶሮ ጠብ ጠብ እያልኩ፣
ከሙሽራዋ እናት ይልቅ ያለቀስኩ እኔ መሰልኩ።
አመል ከመሀል ያወጣል ሲሉ ሰምቼ ነበር፤
የሷስ ከመንገድ አወጣኝ፣ እስከ ገደሉ ዳር።

ሁለት ባል አግብቻለሁ። መኪና ግን አንድ።
ትሬቨር፣ የመጀመሪያው፣ የባንክ ቤት ሰው፣
«ወይ እሷን ወይ እኔን» አለኝ፣ ሸሚዙን ዘይት ቢነካው።
እውነቴን ነው፣ ሳምንት ሙሉ አሰብኩበት፤
ለሷ መለዋወጫ ነበር፣ ለሱ ግን አጣሁለት።

ግዊሊም ዌልሳዊ፣ የጂኦግራፊ መምህር፣
ካርታን እንደ ዳዊት የሚደግም በፍቅር።
ባንድ የኅዳር ሌሊት፣ «እባብ» በሚሉት ዳገት፣
ቀጥ አለች። ዝም። በረዶ። አንድ መብራት የለበት።
በቅሎ እንኳ ስትለግም ጆሮዋን ታነቃንቃለች፤
እሷ ግን ምንም ሳትል እንደ መቃብር ቆመች።
ግዊሊም አላማረረም። ጫማውን አወለቀ፣
በካልሲ ወርዶ ከኋላ ጎማዋ ስር ተወሸቀ።
ቤንዚን የሚገፋውን ፓምፕ፣ ከኋላ፣ በስተቀኝ፣
በጫማው ተረከዝ አንኳኳ፤ እንደ ጎረቤት በር፣ ሁለቴ፤
ቲክ፣ ቲክ፣ ቲክ። ሞተሯ ተነሳ፣ ራሰ አንጀቴ።
«ማን አስተማረህ?» ብለው፣ የደነዘዘ ጣቱን እየነፋ፣
«አባቴም ነበረችው፣ ከዚች የባሰች፣ አመሏ የከፋ።»
ያገባሁት ያን ሌሊት ነው።
ማዘጋጃ ቤት የሄድነው ለወረቀቱ ብቻ።

ጉልበቱ ዘንድሮ ከዳው፣ ዳሌዬም ብረት ገባበት፣
መግባቱስ ይቻላል፤ መውጣቱ ነው ጎረቤት የሚጠራበት።
ሸጥናት። ለካለም፣ ከሼፊልድ ለመጣ ልጅ፣
ጢሙን በቅባት የሚያሸት፣ የሚሳሳላት እንደ ወዳጅ።
ሁሉን ነገርኩት፦ ቾኩን፣ የዘይቱን መጠን፣ የሸራውን ቁልፍ፣
በሩ ሲዘጋ ከፍ፣ ማርሹ ሲገባ ደገፍ።
አንዱን ብቻ አስቀረሁ።
ረስቼ አይደለም። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ።

ትናንት ስልክ ጮኸ፤ እኩለ ሌሊት አልፏል፣
«ወይዘሮ ፕሮሰር፣ ዳገቱ ላይ ቆመችብኝ» ይላል፤ ነፋስ ቃሉን ይነጥቃል።
ግዊሊም ካልጋው ቀና ብሎ መነጽሩን ፈለገ፣
(መነጽር ለማዳመጥ!) ጆሮውን ከጆሮዬ እኩል አደረገ።
«ቁልፉን እንደከፈትክ ተወው። ጫማህን አውልቅ» አልኩት።
«ምን?»
«ጫማህን። አንዱን ብቻ። ከኋላ፣ በስተቀኝ፣
ከጎማው ወዲህ። በተረከዙ። እንደ ጎረቤት በር።»

ነፋስ። የልጁ ማቃሰት። ብረት።
ከዚያ፣ ከሃያ ማይል ማዶ፣ እትራሳችን ላይ፣
ቲክ።
ቲክ፣ ቲክ፣ ቲክ።

በጨለማው ውስጥ
ግዊሊም በእግሩ ጫማውን ሲዳብስ ሰማሁት።